የንጉሥ ኬፌዎስ ሰባት ቤት፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ደርሶ መልስ

ያን ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ያስኬደኝ የአንድ የሞተ ሰው ስም ነው። መንገዱ ሩቅ አይባልም። መኪና ያለው ሰው ሃይዌዩ ካልተዘጋጋበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የእኔ መኪና ግን ትራንስሚሽኗ ተበላሽቶ ጋራዥ ተኝታለች፤ ስለዚህ በባቡርና በባስ ተጓዝኩ። አልተቆጨሁም። የሚነዳ ሰው ከፊቱ ካለው መኪና ሌላ የሚያየው ነገር የለም፤ ባቡር የተሳፈረ ግን ሰው ያያል፣ ወንዝ ያያል፣ መጽሐፍም ያነባል። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን እጄ የገባ፣ ሥራ ያስፈታኝ መጽሐፍ ነበረኝ።

የጉዞውን ምክንያት ላስቀድም። የታላቅ እህቴ የአስናቀች አንድያ ልጅ ሰላም ልታገባ ነው። ባሏ የሚሆነው ልጅ ዮናታን ይባላል፤ አሌክሳንድሪያ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ሆስፒታል ራጅ ክፍል የሚሠራ፣ ሲቀመጥም ሲነሣም ይቅርታ የሚጠይቅ ጨዋ ልጅ ነው። እህቴ መጀመሪያ ወዳው ነበር። የወላጆቹን አገር ጠይቃ መንዝ መሆኑን ስትሰማ ጭራሽ ልትስመው ደረሰች፤ የእኛም አባት የመንዝ ሰው ነው። በማግስቱ ግን ፊቷ ተለዋውጦ አገኘኋት። "ዘመድ ብንሆንስ?" አለችኝ።

በእኛ ወገን ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። የሁለቱም ዘር ወደ ላይ ይቆጠራል። የጋራ አያት ሰባተኛው ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ከተገኘ ሰባት ቤት ሞልቷል ይባልና ሠርግ ይደገሳል። ከዚያ በታች ከተገኘ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የእኛ ቆጠራ ጓንጉል በሚባል ሰው ያበቃል፤ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለንም። የልጁን ወገን መቁጠር የሚችሉት ደግሞ የእናቱ አጎት አባባ ተሰማ ብቻ ናቸው። እሳቸውም እዚያው አሌክሳንድሪያ አብረው ይኖራሉ። እህቴ ስልክ ደውላ ልትጠይቃቸው ብትሞክር "ዘር በስልክ አይቆጠርም፤ ሰው ላኪ" ብለው ዘጉባት። የተላክሁት ሰው እኔ ነኝ። ጓንጉል የሚለው ስም ከአፋቸው እንዳይወጣ እየተመኘሁ ስሙን ፍለጋ ሄድኩ።

ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ቁርስ አልቀረበልኝም፤ ምክር ግን ቀረበልኝ።

"ጌታቸው፣ ስትቆጥር ከወላጆች ጀምር። ልጆቹ አይቆጠሩም።"

"ለምን፣ እትዬ?"

"ቤት የሚባለው የወለደ ነው። እነሱ ገና ምን ቤት አላቸውና ነው?"

አባታችን ለጎረቤት ልጆች ዘር ሲቆጥር ከተጋቢዎቹ ከራሳቸው ሲጀምር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልዩነቱ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ አንድ ሰው ግን ሠርግ ያፈርሳል። ይህን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን "እሺ እትዬ" አልኩ። ወደዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ፊቷ ሲከፋ ማየት ስለማልችል "እሺ" ማለት ልማድ ሆኖብኛል።

ሰላም ባቡር ጣቢያው ድረስ አብራኝ መጣች። የመጋቢት ንፋስ የጆርጂያ አቬኑን ወረቀትና አቧራ እያነሣ ይጫወትበታል። ልጅቷ አራት ዓመቷ ላይ ነው የመጣችው፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ስትጨነቅ ግን ይደባለቅባታል።

"ጋሼ፣ እማዬ ኖ ካለች እኔ አላገባውም። አይ ካንት ዱ ዛት ቱ ኸር፣ አልጨክንባትም። ግን ደግሞ ሌላ ሰው አላገባም። እሱን እንድታውቅ ነው" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ያውቃል" ብዬ አለፍኳት። ምን ይባላል?

ከሬድ ላይን ወደ የሎ ላይን

ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ የሎ ላይን የሚባለው ባቡር እስከ ፎርት ቶተን ይመጣ ስለነበር ሬድ ላይኑን እዚያ ለቅቄ አንዴ ብቻ ቀየርኩ። ቦታ እንዳገኘሁ መጽሐፌን አወጣሁ።

እኔ የምሠራው ሮክቪል ውስጥ በአንድ ትልቅ አፓርትመንት መግቢያ ዴስክ ላይ ነው። ተከራዮች ሲለቁ የማይፈልጉትን መጽሐፍ ላውንደሪ ክፍል ጥለው ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ የተጣለ መጽሐፍ አላልፍም። ይሄኛው ሽፋኑ የተገነጠለ የግሪኮች ተረት ነው። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚል ዓይኔ ገባ። ስሙ ኬፌዎስ። ተማሪ ቤት የነገሥታትን ስም በቃላችን ስንወጣ ኬፌዎስ የሚባል አልነበረም። መጽሐፉ ራሱም ሳይጠራጠር አልቀረም፤ በግርጌው ግሪኮች በደቡብ ያለውን የጥቁር ሰዎች አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ እንደነበር፣ የዚህ ንጉሥ አገር የት እንደሆነም በትክክል እንደማይታወቅ ጽፏል። ለእኔ ግን ለቅሶ ቤት ድንገት የማላውቀው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነበር። ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ማንን ወለደ? እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬፌዎስ ካሲዮፔያ የምትባል ሚስትና አንድሮሜዳ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አሉት። ወንድ ልጅ የለውም። ሚስትየዋ ጉረኛ ናት፤ እኔና ልጄ በቁንጅና ከባሕር ልጃገረዶች ሁሉ እንበልጣለን ብላ አወራች። እንዲህ ያለች እናት በየሠርግ አዳራሹ አትጠፋም፤ እዚህ ግን የሚከፋው ጎረቤት ነው፣ እዚያ የከፋው የባሕር አምላክ ሆነ። አገሩን በጎርፍ መታው፣ አውሬም ላከበት። ንጉሡ ጠንቋይ ቢያስጠይቅ ልጅህን ለአውሬው ካልሰጠህ አገርህ አይድንም ተባለ። እሱም ፈርቶ ልጁን ባሕር ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር በሰንሰለት አሰራት።

እስከዚህ ድረስ ተረት ነው ብዬ በትዕግሥት አነበብኩ። ቀጥሎ ግን ልጅቷ ከዚያ በፊት ታጭታ እንደነበር ይናገራል። የታጨችው ለማን ነው? ፊኔዎስ ለሚባል ሰው። ፊኔዎስ ማን ነው? የንጉሡ የገዛ ወንድም!

"ኧረ በሥላሴ!" አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል።

አጠገቤ የተቀመጠች፣ ወይን ጠጅ ባርኔጣ ያደረገች ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚያስጮህህ?" አለች።

"ይቅርታ እማማ። አንድ ንጉሥ ልጁን ለገዛ ወንድሙ ሊድር ነው።"

"ለአጎቷ?"

"ለአጎቷ።"

"ጌታ ሆይ!" ብላ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ከመውረዷ በፊት "ልጅቷ አመለጠች?" ስትል ጠየቀችኝ። ገና አልደረስኩበትም አልኳት። ሳታውቅ በመውረዷ ቅር እንዳላት ያስታውቅ ነበር።

ዩ ስትሪት

ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስለዚህ ዩ ስትሪት ወርጄ ዘጠነኛው መንገድ ላይ ካሉት የእኛ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ግማሾቹ በኪራይ ውድነት ተዘግተዋል፤ ባለፈው የማውቀው ሥጋ ቤት የውሻ ፀጉር ማስተካከያ ሆኗል። ዳቦ ቆሎ አንሥቼ ወደ ባንኮው ስጠጋ ባለሱቋ ለማን እንደምወስደው ጠየቀችኝ።

"ለአንድ ሽማግሌ። ዘጠና የደረሱ ይመስለኛል።"

"ታዲያ በምን ጥርሳቸው ሊበሉት ነው? ማር ውሰድላቸው እንጂ!" ብላ ዳቦ ቆሎውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ማሩ አሥራ ሁለት ዶላር ነው። ውድ ነው ብል "የሴት ወገን ሆነህ ነው የምትከራከረው?" አለችኝ። ስለ ሠርጉ ሳልነግራት አልቀረሁም ማለት ነው። እኔ አፌ አያርፍም።

ድልድዩ ላይ

የሎ ላይኑ ከዋሽንግተን ሲወጣ ከመሬት ሥር ብቅ ይልና ድልድይ ላይ ይወጣል። ፖቶማክ በሰሞኑ ዝናብ ደፍርሶ ቡና መስሏል። አውሮፕላኖች ከላያችን እየዘቀዘቁ ወደ ኤርፖርቱ ይወርዳሉ። ሌላው ተሳፋሪ በመስኮት ያያል፤ እኔ ዘር እቆጥራለሁ።

በመጽሐፉ እንደተጻፈው ፐርሲየስ የሚባል ጎበዝ ክንፍ ባለው ጫማ እየበረረ ሲያልፍ የታሰረችውን ልጅ አያት። ባድናት ትድሩልኛላችሁ ወይ ብሎ አባትና እናቷን ቃል አስገባቸው፤ አውሬውን ገደለ፣ አገባት። ሌላ ሰው ቢሆን በአውሬው አገዳደል ይደነቃል። እኔ አውሬውን ዘልዬ የሙሽራውን ወገን ፍለጋ ወደ መጽሐፉ ጀርባ ሄድኩ። ፐርሲየስ፣ እናቱ ዳናይ፣ የእሷ አባት አክሪሲዮስ፣ የእሱ አባት አባስ፣ የአባስ እናት ሂፐርምኔስትራ፣ አባቷ ዳናዎስ፣ የዳናዎስ አባት ቤሎስ። ቤሎስ ደግሞ፣ እንደ አንዳንዶቹ ተራኪዎች ከሆነ፣ የኬፌዎስም አባት ነው!

ጀግናው ዘመድ ሆኖ አረፈው። ከራሱ ከፐርሲየስ ብትጀምር ቤሎስ ሰባተኛ ላይ ይገኛል፤ ከእናቱ ብትጀምር ስድስተኛ ላይ። ጠዋት እህቴ በር ላይ የተውኩት ክርክር ግሪክ አገር ተከትሎኝ መጣ። ነገሩ እንዲህ አስደስቶኝ ሳለ መውረጃዬን ላልፍ ትንሽ ቀረኝ።

ኪንግ ስትሪት

የወረድኩበት ጣቢያ ኪንግ ስትሪት ይባላል፤ ንጉሥ በብብቴ ይዤ በንጉሥ ጎዳና መውረዴ ደስ አለኝ። ባሱ ገና ስለነበር በጡብ የተነጠፈውን መንገድ ትንሽ ወጥቼ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሸምገል ያለ፣ ቅንድቡ የተጋጠመ ሰው ነው፤ ከካሽ ሬጅስተሩ በላይ የግሪክ ባንዲራ ሰቅሏል። ዕድሌን ማመን አቃተኝ። ሻይና የተጠበሰ ዳቦ አዘዝኩ።

"ቅቤ እንዳትቀባው፣ ጾም ላይ ነኝ" አልኩት።

"ኦርቶዶክስ ነህ?"

"ነኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ።"

"የእኛም ጾም ገብቷል። እናቴ ትጾም ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የአሳማ ባኮን እየጠበስኩ እንዴት አድርጌ ልጹም?" ብሎ ሳቀ።

ኬፌዎስን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። አላወቀውም። የአንድሮሜዳ አባት ብዬ ሳስረዳው ግንባሩን መታ። "የፐርሲየስ አማት! ፐርሲየስ የእኛ ነው!"

"ንጉሡ ደግሞ የእኛ ነው" አልኩ፣ የግርጌውን ጥርጣሬ ዘልዬ።

"እንግዲያው አማቾች ነን!" ብሎ እጁን በባንኮው ላይ ዘርግቶ ጨበጠኝ። የዳቦውን ሁለት ዶላር ተቀበለና የሻዩን እምቢ አለ። ለመሆኑ ያን ጊዜ የልጅቷ ቤተሰብ በደስታ ድሮ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አጎቷ ቀድሞ አጭቷት ነበር ስለው "ያ ጣጣ ያመጣል" ብሎ ወደ ምድጃው ዞረ።

አባባ ተሰማ

ባሱ ዱክ ስትሪትን ይዞ ወደ ምዕራብ ወሰደኝ። የድሮው የጡብ ቤት ያልቅና ረጃጅም አፓርትመንት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ በየፌርማታው የሚወርደው ሰው አማርኛ ያወራል። የዮናታን እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ አሥራ አንደኛ ፎቅ ሊፍቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ትንሽ ይደክማቸዋል እንጂ አእምሯቸው ደህና ነው" አለች በሹክሹክታ፤ እሷም እንደኔ ፈርታለች።

አባባ ተሰማ ወፍራም የክረምት ጃኬት ለብሰው፣ የሱፍ ኮፍያ አድርገው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከታች ሃይዌዩ ይታያል። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ይሄ ሁሉ ሰው የት ነው የሚሄደው?" አሉኝ ወደ መኪናው እያመለከቱ።

"ሥራ ነው አባባ።"

"ቅዳሜ?"

ማሩን ሰጠኋቸው፤ ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት፣ ደስ አላቸው። ጥሩነሽ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት አቀረበች። እኔ ከበላሁ በኋላ ቀስ ብዬ ነገሩን አነሣለሁ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ ጀመሩ።

"የማን ልጅ ነህ?"

"የታደሰ።"

"ታደሰ የማን?"

"እናቱ በየነች ትባላለች አባባ። የሀብቴ ልጅ።"

"ሀብቴ የእንግዳ?"

"አዎ፤ የእንግዳ።"

"እንግዳ የጓንጉል" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "አያ እንግዳ! የኔ አባት ወልዴ ነው። ወልዴ የሽፈራው፣ ሽፈራው የደምሴ። ደምሴና እንግዳ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ የጓንጉል። እኛና እናንተ እኮ አንድ ነን!"

ጥሩነሽ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። እሳቸው ዘመድ በማግኘታቸው ተደስተዋል፤ እኛ ሁለታችን ግን በልባችን መቁጠር ይዘናል። የልጁ ወገን፦ ዮናታን፣ ጥሩነሽ፣ አባቷ ከበደ የአባባ ተሰማ ወንድም፣ ወልዴ፣ ሽፈራው፣ ደምሴ፣ ጓንጉል። የልጅቷ ወገን፦ ሰላም፣ አስናቀች፣ ታደሰ፣ በየነች፣ ሀብቴ፣ እንግዳ፣ ጓንጉል። በሁለቱም በኩል ከልጆቹ ሲጀመር ሰባት፣ ከወላጆች ሲጀመር ስድስት።

አባባ ተሰማ የመጣሁበትን አልረሱም። ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። "እኛ ከተጋቢው ነው የምንጀምር፤ ሊያገባ የተነሣው እሱ ነዋ። በእኛ በኩል ሰባት ሞልቷል። እናንተስ ከማን ነው የምትጀምሩ?"

"እርስዎ ቢፈርዱ…"

"የሴቷን ወገን የሴቷ ወገን ነው የሚቆጥር። እኛ በእናንተ ቆጠራ አንገባም። የተላከ ሰው መጥቷል፤ እሱ ይናገር።"

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። "እህቴን ልደውልላትና…"

"እህትህ የላከችው አንተን ነው።"

ያኔ የማደርገው ሲጠፋኝ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ ወሬ ቀየርኩ። "አባባ፣ መጀመሪያ የአንድ ንጉሥ የዘር ነገር ልጠይቅዎት። ኬፌዎስ ይባላል።"

"አላውቀውም። ግዛቱ የት ነበር?"

"ግሪኮች ኢትዮጵያ ነው ይላሉ።"

"ግሪኮች ምን አገባቸው?" አሉ፤ ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ ጎተት አደረጉ።

ነገርኳቸው። የሚስትየዋ ጉራ አሳቃቸው። ልጅቷ ለንጉሡ ወንድም ታጭታ ነበር ስላቸው ግን ከዘራቸውን አነሡ። "ለአጎቷ? ታዲያ ባሕሩ የተቆጣው ለዚህ ነዋ! ሚስቲቱን በከንቱ ነው የሚያሟት!" አሉ። ግሪኮች ይህን ሁሉ ዘመን ሲያወሩት እንዲህ ያሰበ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን አመንኳቸው።

ስለ ፐርሲየስ ስነግራቸው ከቤሎስ ጀምረው ወደ ታች፣ ከታችም ወደ ላይ ቆጠሩ። "ለልጅቷ ቤሎስ ምኗ ነው?"

"አያቷ ነው።"

"በል እንግዲያው በልጅቷ በኩል ሦስተኛ ላይ ነው፤ ዘመዱ ናት፣ አይሆንም። ያድናት፤ ከዚያ እህቴ ብሎ ለቤቷ ያስረክባት።"

"እንዴ አባባ!" አለች ጥሩነሽ፣ "ከአውሬ አፍ አውጥቷት ባዶ እጁን ይሂድ?"

"ዘመድ ለዚህ አይደለም እንዴ?"

ሦስታችንም ሳቅን። ነገሩ ተረስቶልኛል ብዬ ደስ ሲለኝ አባባ ተሰማ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ ቆይ። ልጅቱ ስትታሰር ያ አጎትየው የት ነበር?"

"እዚያው ነበረ አባባ። ዳር ቆሞ ያይ ነበር።"

"ዝም ብሎ?"

"ዝም ብሎ። በኋላ ሠርጉ ላይ ነው ጦረኛ አስከትሎ እኔ ነኝ የማገባት ብሎ የመጣው።"

"በኋላማ ማንም ይመጣል" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ለልጅቷ ምኗ ነኝ ነው ያልከኝ?"

"አጎቷ ነኝ" አልኩ።

ፊታቸውን ወደ መኪናዎቹ መለሱ። እኔ ግን አፈርኩ። ሰላም ባቡር ጣቢያው በር ላይ ያለችኝ መጣብኝ፤ እናቷን እንዳታሳዝን ብላ የራሷን ዕድሜ ልትጥል የተዘጋጀች ልጅ ናት። ያን ሁሉ እየሰማሁ ከጠዋት ጀምሮ ከአፌ የወጣው "እሺ እትዬ" እና "እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ ነው። ንጉሥ ስመረምር ውዬ እኔ የቆምኩበትን ቦታ አላየሁም።

"ሞልቷል አባባ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ደገምኩት። "አባታችንም የሚጀምረው ከተጋቢው ነበር። በእኛም በኩል ከሰላም ነው የሚጀመረው። ሰባት ቤት ሞልቷል።"

ጥሩነሽ እልል ልትል አፏን ከፈተችና የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮምፕሌን እንዳያደርግ በእጇ ያዘችው። አባባ ተሰማ ግን አልቸኮሉም።

"ተናገርክ?"

"ተናገርኩ።"

"በል ሂድና እዚያም ድገመው።"

መልስ

ዮናታን ከሥራ ገብቶ ጣቢያው ድረስ በመኪናው ሸኘኝ። መንገዱን ሙሉ ምንም አልጠየቀኝም፤ ወንበሩ ተመችቶኝ እንደሆነ ብቻ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

"ለምን አትጠይቀኝም?" አልኩት በመጨረሻ።

"ይቅርታ፣ ፈርቼ ነው።"

"ሞልቷል ብያለሁ። እትዬ ግን ገና አልሰማችም።"

መሪውን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ያዘ። "ይቅርታ… አመሰግናለሁ" አለ፤ ሁለቱ ተደባልቀውበት።

ባቡሩ ውስጥ የቀረኝን ገጽ ጨረስኩ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ወንዙን አቅልታዋለች። የኬፌዎስ አገር የት እንደሆነ መጽሐፉ እስከ መጨረሻው አልነገረኝም፤ አባባ ተሰማም አላወቁልኝም። ለራሴ ያተረፍኩት ግን አለ። ዘር መቁጠር ስም ማወቅ ብቻ መስሎኝ ነበር። የሚቆጥረው ሰው ራሱ ከተቆጠሩት አንዱ ነው፤ ከየት ልጀምር ብሎ ሲወስን በሰው ሕይወት ላይ እየወሰነ ነው። ይህን በዚህ ዕድሜዬ መማሬ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ግን ከነጭራሹ ሳልማረው ከመቅረት ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ወደ እህቴ ቤት ስሄድ "ከልጆቹ ነው የሚጀመረው" የሚለውን እንደ ተማሪ እያጠናሁት ነበር።

እህቴ በሩን ሳላንኳኳ ከፈተችው። ሰላም ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

"ተገኘ?" አለች እህቴ።

"ተገኘ። ጓንጉል ነው።"

ሶፋው ላይ ተቀመጠች። "ስንተኛ ላይ?"

"ሰባተኛ። ከልጆቹ።"

"ከወላጆች ብዬህ አልነበር?"

"ከልጆቹ ነው የሚጀመረው፣ እትዬ። አባታችን ሲቆጥር አንቺም አብረሽኝ ሰምተሻል። እዚያም ተናግሬ ነው የመጣሁት።"

እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ። "ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈርቼሽ ነው።"

ሰላም ከደረጃው ተነሣች። እህቴ ወደ እሷ ሳታይ በቀጭን ድምፅ "ትሄዳለች እኮ" አለች። "ወንዝ ተሻግራ እዚያ ማዶ ትሄዳለች። እኔ ከዚህ ባዶ ቤት ጋር ምን እሆናለሁ?"

ለካ ስትቆጥር የከረመችው ይህንኑ ነው። አዘንኩላት። ምን ብዬ እንደማጽናናት ስላላወቅሁ፣ ባቡር ውስጥ መጨረሻ ላይ ያነበብኩትን ነገርኳት። አንድያ ልጁን የዳረ አንድ ንጉሥ ነበረ፤ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ልጅቷና ባሏ የመጀመሪያ ልጃቸው እስኪወለድ ድረስ አብረውት ቆዩ። ወደ ሙሽራው አገር ሲሄዱ ልጁን ለአያቱ ትተውለት ሄዱ። ፔርሴስ ይባላል። ግሪኮች የፋርስ ነገሥታት የወረዱት ከእሱ ነው ይላሉ።

"ትተውለት ሄዱ?" አለች።

"ትተውለት ሄዱ።"

"የመጀመሪያውን?"

"የመጀመሪያውን።"

"ጋሼ! ኖ ፕሬሸር! ገና ሳላገባ?" አለች ሰላም፤ ድምፅዋ ግን እየሳቀች ነው እያለቀሰች ነው አይለይም።

እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጇን አየቻት። ከዚያ ቀኝ እጇን አነሣችና አውራ ጣቷን አጠፈች።

"ሰላም" ብላ መቁጠር ጀመረች።